ወንድሜ ጠበል የገባ ጊዜ

የጸናጽል ድምፅ ስሰማ ዛሬም ጣቶቼ ሳላዛቸው ይጨብጣሉ። የታናሽ ወንድሜን ክንድ ፍለጋ ነው።

ያደግነው መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። ወንድሜ የሰው ፊት አያይም ነበር። እናታችን አገጩን ይዛ «እስቲ እየኝ፣ የኔ ጌታ» ስትለው ዓይኑ በትከሻዋ አልፎ በበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ብርሃን ይሄዳል። የሚያቃጭል ነገር ካየ ደግሞ እጁ አይታገስም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሱን መያዝ የኔ ሥራ ነበር። የነገራችሁትን ቃል ያንኑ ይመልስላችኋል። «ራበህ?» ስለው «ራበህ?» ይለኛል፤ እኔም ገብቶኝ ቆሎ እዘግንለታለሁ። ዛሬ ኦቲዝም ይሉታል። ያኔ እኛ ምን እናውቃለን!

አንድ የማርያም ዕለት ከእጄ አመለጠና በማኅሌቱ መሀል ሮጦ ከመሪጌታው እጅ ጸናጽሉን ነጠቀ። ጉድ ተባለ። ጎረቤት «የያዘው ነገር አለ» ብሎ መከረ፣ እናቴም ጠበል ወሰደችው። ልብሱን ይዤ ተከተልኩ።

ማለዳው ይቆረጥማል፤ ጭቃና እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ውሃው ማጅራቱ ላይ ሲወርድ ጮኸ። የሚያጠምቁት አባ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማን ነህ?» አሉት።

«ማን ነህ?» አለ ወንድሜ።

ሰው ሁሉ አማተበ። እርኩሱ ተሳለቀ ተባለ። አባ ጮክ ብለው ጠየቁ፤ እሱም ጮክ ብሎ መለሰ። በመቁጠሪያ መቱት። «አባ፣ የሰማውን ነው የሚደግመው» ብል ይበቃ ነበር። ግን ልጅ፣ ያውም ጸናጽሉን ያስነጠቀች፣ በአባ ፊት ምን አፍ አላት? ይኼ እንኳ ሰበብ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዳነልኝ እኔም እሱን ከመጠበቅ አርፋለሁ ብዬ ነበር።

በየማለዳው እንዲጠመቅ ሱባኤ ተያዘለት፤ ሱባኤው ሳያልቅ ወንድሜ ዝም አለ። «ማን ነህ?» ሲሉት ከንፈሩ እንኳ አይንቀሳቀስም። አባ «ለቀቀው» አሉ፣ እናቴ ተደፍታ መሬት ሳመች።

አሁን ጎልማሳ ነው፣ እኔው ዘንድ ይኖራል። እህል አቀርብለታለሁ፣ ይበላል። ድምፁን ግን ዳግም አልሰማሁትም።

ያኔ እናቴ ለመዳኑ የተሳለችውን ጃንጥላ ያስገባች ለት፣ ጃንጥላው ተዘርግቶ ታቦቱ ሲዞር፣ ወንድሜ አጠገቤ ፀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። መያዝ አላስፈለገውም። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም በሁለት እጄ እያጨበጨብኩ አብሬ እልል አልኩ።