ጫካውን በትከሻ ያቋረጠው ገመድ

ዛሬ ጠዋት የአዲሱ ድልድያችን የብረት ገመድ በሰባ ትከሻ ላይ ሆኖ የደብራችንን ደን አቋረጠ። ከሰባው ትከሻ አንዱ የኔ ቀኝ ትከሻ ነበር፤ ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው።

እዚህ ቡሬ ገጠር ያለው የእግረኛ ድልድያችን አምና ክረምት በጎርፍ ተወሰደ። ጎረቤቴ የሺ ደግሞ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች፤ ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው።

አዲሱን ድልድይ የለካው ኢንጂነር፣ "ደኑ የተጠበቀ ስለሆነ መኪና አይገባም። የወጪው ግማሽ የገመዱ ማጓጓዣ ነው፤ የዘንድሮ በጀት አይበቃውም። ደብሩ ፈቅዶ አሥር ዛፍ ብንቆርጥ ግን መንገድ ይወጣል" አለን።

የደብሩ መሪጌታ ዛፎቹን ቀና ብለው አዩ። "ልጄ፣ እነሱ ይቆዩ። ሸክሙን ለኛ ተወው።"

"ገመዱ እኮ ከባድ ነው፣ የኔታ። ተቆራርጦም አይሆንም።"

"በሽተኛ በቃሬዛ ስንሸከም ነው የኖርነው። ይኸ እንኳ አያቃስትም።"

እንደ ቃሬዛው፣ በየመቶ እርምጃው ለተረኛ እየለቀቅን ወንዙ ዳር አደረስነው። እውነትም ገመዱ አላቃሰተም። እኔ አቃሰትኩ።

አንድም ዛፍ አልወደቀም። ኢንጂነሩ ወረቀቱን አወጣና "ማጓጓዣ" የሚለውን መስመር ሰረዘው። "ድልድዩ ክረምቱ ሳይገባ ይቆማል" አለ።

የሺ ሆዷን ደግፋ ስታየን ቆይታ፣ "እሰይ! አምና እህቴን ተሸክማችሁ አሻገራችሁና ከበደችን እያላችሁ ዓመቱን ሙሉ አወራችሁባት። እኔ በእግሬ ነው የምሻገር!" አለችን።

በእናንተስ አገር በጀት የለውም ተብሎ በትከሻ ያለቀ ሥራ አለ? ጻፉልኝ፤ በግራ እጄም ቢሆን እመልሳለሁ።