አንድ ዓይነት ክኒን ለመንትዮቹ

እሜቴ ብለው የሰየሟት ለሽሙጥ ነበር። በአውቶቡስ ድርጅታችን መሪ የጨበጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ስለሆነች፣ ወንዶቹ ሾፌሮች በር ላይ ተሰብስበው፣ "እሜቴ፣ ዛሬስ የማንን አጥር ሊያፈርሱልን ነው?" እያሉ ይሳለቁባት ነበር። ዓመታት አለፉ። የሳቁት በየተራቸው አጥር ገጩ፤ የእሷ አውቶቡስ ላይ ግን ጭረት አልታየም። ስሙም ሳያስቡት ማዕረግ ሆኖ ቀረላት። እኔ የእሷ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፤ የማወራው ከጀርባዋ ቆሜ ያየሁትን ነው።

መንትያ ወንድሟም እዚያው ሾፌር ነው። እናታቸው ሲያሳድጓቸው እኩልነት የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ አንዱ ካሳለው ሽሮፑን ሁለቱም ይጠጣሉ። ለአንዱ የበጀ ለሌላው አይከፋም ባይ ናቸው። አርባን ሲሻገሩ የወንድምየው ልብ ድንገት እየዘለለ መምታት ጀመረ። የድርጅቱ ክሊኒክ ሐኪም ምቱን የሚያስተካክል ክኒን ሰጠውና ዳነ። ትንሽ ቆይቶ እሷንም ያው በሽታ ያዛት። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ "መንትያው አይደለሽ? የወንድምሽ ይሻልሻል" ብሎ የእሱን ክኒን በእሱ ልክ ጻፈላት።

መዝለሉ ተዋት። በምትኩ ራሷን ያዞራት ጀመር። መብራት ላይ ስንቆም ግንባሯን መሪው ላይ ታስደግፋለች።

"ምን ሆንሽ?" እላታለሁ።

"ዓይኔን ጨለም አደረገኝ። አሁን ለቀቀኝ።"

ሐኪሙ ዘንድ ተመለሰች። "ልብሽ ደህና ነው። እናንተ ሴቶች ሐሳብ ታበዛላችሁ" አላትና ክኒኑን እንዳታቋርጥ አስጠንቅቆ ሸኛት። ወንድሟም፣ "እኔ ያንኑ እየዋጥኩ አንድ ቀን አዞረኝ? አትሞላቀቂ እንጂ" አለ። እናትየው ደግሞ፣ "በአንድ ማህፀን ተኝታችሁ፣ እሱን ያዳነ አንቺን ምን ያደርግሻል፣ ልጄ?" አሉ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ክኒኑን መዋጥ ቀጠለች። አጥብቃ ብታማርር ወንዶቹ "አላልናችሁም?" ሊሉ ነው፤ መሪዋን ሊቀሟት ነው። መሪዋን የማጣትን ያህል ሞትን አትፈራም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አውቶቡሱ በሰው ጢም ብሎ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ፍሬቻ አሳየች። ፌርማታ ያልሆነ ቦታ ነው። ዳር ያዘች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች፣ በሮቹን ከፈተች። ከዚያ በደረቷ መሪው ላይ ወደቀች፤ ጥሩምባው ይጮህ ጀመር። ከኋላ አንዱ፣ "እንቅልፋም! ሥራ ረፍዶብናል" ሲል ሰማሁ። ያንን ሁሉ ሰው ሳታስቧጭር ነው የወደቀችው።

እናትየውና ወንድሟ በደረሱበት ሆስፒታል፣ የልብ ሐኪሟ ማሽኑ የሳለውን የምት መስመር አየችና እሜቴ የምትውጠው ክኒን ምን እንደሆነ ጠየቀች። ስትሰማም ፊቷ ተለወጠ። "የሴት ልብ ከአንዱ ምት ወደሚቀጥለው እስኪዘጋጅ ከወንድ ትንሽ ይቆያል። ይህ ክኒን መቆየቱን ደግሞ ያረዝመዋል። ከመጠን ሲያልፍ ምቱ ይዘበራረቅና ሰው ይወድቃል፤ ሳይነሳም ሊቀር ይችላል።"

"እኔስ ያንኑ እወስድ የለ?" አለ ወንድምየው።

"በወንዶች ላይም ይደርሳል፤ በሴቶች ላይ ግን ይብሳል። ከታወቀ ቆይቷል።"

ቆሽቴ አረረ። ከታወቀ ቆይቷል! ለማን ነው የታወቀው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ክኒኑ ተቀየረላት፤ ማዞሩም ጠፋ። ድና፣ የሐኪሟን ማረጋገጫ ይዛ የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባች። እኔና ወንድሟ አጅበናት ነበር።

"መሪ ላይ የወደቀ መሪ አይነካም" አላት ኃላፊው።

"የጣለኝ ክኒኑ ነው። ተቀይሯል።"

"ወንድምሽ ያንኑ ክኒን እየዋጠ አይደል የሚነዳው? ጥፋቱ የክኒኑ ነው ካልሽ እሱንም ላግደው።"

ወደ ወንድሟ ዞረች። ሐኪሟ የተናገረችውን እሱም ቆሞ ሰምቷል፤ አንድ ቃል ቢያስረዳላት ይበቃ ነበር። እሱ የጫማውን ጫፍ ያያል። ሦስት ልጆች አሉት።

"እሱን ተዉት" አለችና ወጣች።

የትኬት መስኮት ላይ አስቀመጧት። አውቶቡሷን ለወንድሟ ሰጡት፤ እኔንም ከነአውቶቡሱ።

ባለፈው ሳምንት ወደ መስኮቷ ልትሄድ ተሳፈረች። ወንበር ስላልነበረ ከሾፌሩ ጀርባ ብረቱን ይዛ ቆመች። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ተሳፋሪ ለጓደኛው፣ "እዚህ ጋ ነው ያቺ ሴት ሾፌር የወደቀችብን። ሴት ልጅ ልቧ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተፈጠረም" አለው።

ወንድሟ በመስታወቱ አያት። አየሁት፤ ሰምቷል። ከንፈሩ ሊከፈት ብሎ ተወው፤ ማርሽ ቀየረና ነዳ።