ፍሬኑን ብቻ ነገርኳቸው

እኔ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ልጆቼ «እማዬ፣ አረፍ በይ» ሲሉኝ እሺ ብዬ እቀመጥና፣ ትንሽ ቆይቼ ጫማዬን ስፈልግ ይይዙኛል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከእነሱ ደብተር ላይ ነው። ስለዚህ ስጽፍም እንደ እግሬ ነኝ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እላለሁ። የዛሬው ግን አንድ ነገር ነው። ስለ አሮጌዋ መኪናችን ነው፤ ስለ እሷ ብዬ ስለደበቅሁትም ነገር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማለቂያ ነው። የምንኖረው ዲላ ነበር። የልጆቼ አባት ከሸዋ በኩል የመጡ የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የኮንጋ ልጅ ነኝ፣ ጌዴኦ። እሳቸው ጌዴኦኛ ከሰላምታ አልፎ አይሆንላቸውም ነበር። ስለዚህ ቡና ልንገዛ ስንወጣ ጋቢናው ውስጥ ከጎናቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሚዛኑ ሲሰቀል የምነጋገረውም፣ የምስቀውም፣ የምከራከረውም እኔ። በየሳምንቱ ሐሙስ እንሄዳለን፤ በዚያው እናቴን አያለሁ። ሐሙስ እስኪመጣ ሌላው ቀን ለእኔ መንገድ መጠበቂያ ነበር።

መኪናዋ ከኋላ ክፍት የሆነች ትንሽ የጭነት መኪና ናት። አረንጓዴ ነበረች አሉ፤ እኔ ሳውቃት ቀለሟን ፀሐይ ጨርሶታል። ከፊት በማኖቬላ ብረት ካልተጠመዘዘች አትነሳም። ዳገት ላይ ከቆመች ደግሞ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ካልተደረገላት ወደ ኋላ ትላለች። ድንጋዩን ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። ደህና ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ ጋቢናው ውስጥ እግሬ ሥር አስቀምጠው ነበር፤ ከእኛ ጋር ስንት ጊዜ ይርጋጨፌ ደርሶ ተመልሷል።

ማርሚታዋ፣ የጭሷ መውጫ፣ ከተበሳ ዓመታት ሆኖት ነበር። ስትስል አገር ይሰማል። የዲላ ሰው ይቀልድብን ነበር፤ ያ ድምፅ ግን ሥራ ነበረው። እኛ አገር ከመንገድ ሆነው ቢያዩ እንሰትና ዛፍ እንጂ ቤት አያዩም፤ ሁሉም ቅጠል ውስጥ ነው። ሰዉም ከቤቱ ሆኖ መንገዱን አያይም። የሚሰማው ነው። እሷ ዳገቱን እየሳለች ስትወጣ ሴቶቹ የደረቀ ቡናቸውን፣ ጀንፈሉን፣ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ እኛ ደርሰን ሚዛን እስክንሰቅል እነሱ ተደርድረዋል።

በዚያ ዓመት የልጆቼ አባት አንድ ሐሳብ ያዛቸው። ልሽጣት ወይስ ላቆያት? አንድ ቀን ገዥ ሊያያት ነው ብለው ያሳጥቧታል፤ በማግስቱ አዲስ ጎማ ይገዙላታል።

«ትልቅ መኪና ብንገዛ ይሻላል» አሉኝ አንድ ቀን ቁርስ ላይ። «ሹፌር እቀጥራለሁ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። አንቺም ታርፊያለሽ።»

«ደከመኝ ያለ ማን ነው?»

«ይሄ ሁሉ ዙረት አይበቃሽም እንዴ?»

«ዙረት ይሉታል? ሥራ ነው እንጂ።»

«እሺ፣ ሥራ።» ሳቁ። «መካኒኩ ይያት። ዓመት ታገለግላለች ካለ ትቆያለች። አይሆንም ካለ እሸጣታለሁ፣ አለቀ።»

እኔ አላለቀልኝም። ሹፌርና አስተርጓሚ ከገቡ ጋቢናው ውስጥ ለእኔ ቦታ እንደሌለ ገብቶኛል። ሐሙስ ሐሙስ በሩ ላይ ቆሜ ስሸኝ ራሴን አየሁት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን እዞራለሁ፣ ጎረቤት ገብቼ ሳልቀመጥ እወጣለሁ።

ሰኞ ዕለት መካኒኩ ጨርሻለሁ ብሎ ላከ። የልጆቼ አባት ለቅሶ ይሄዱ ስለነበር «ሂጂና ምን እንደሚል ስሚ» አሉኝ። ሄድኩ። መካኒኩ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው። እግሩ ብቻ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ይታያል።

«እትዬ፣ ጋሼስ?» አለ ተንፏቆ እየወጣ።

«ለቅሶ ሄደዋል። ለእኔ ንገረኝ።»

«ፍሬኑን ሠርቼዋለሁ፤ ለፍሬኑ አታስቡ። ግን እስቲ ነይ፣ ጎንበስ በይ።»

ጎንበስ አልኩ። ከኋላ ጎማው በላይ ቻንሲው ጎበጥ የሚልበት ቦታ ላይ በጣቱ ጭቃውን ጠረገና አሳየኝ። ስንጥቅ ነው። ጥፍሬን ባስገባው ይገባል።

«ይሄ አጥንቷ ነው» አለ። «ብበይደውም ብዙ አይቆይም። ጭነት ይዛ ቁልቁለት ስትወርድ አንድ ቀን ለሁለት ትላለች። ባዶዋን ቀስ ብላ ትሂድ፤ ሰው ግን እንዳትጭኑባት። ለጋሼ አደራ ንገሪልኝ፤ እኔ ነገ ወደ ይርጋዓለም እሄዳለሁ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ያን ጊዜ ልነግራቸውም ነበር። መኪናዋን የመካኒኩ ረዳት ወደ ግቢያችን ነዳት፤ እኔ በእግሬ ስከተል ግን እርምጃዬ እየዘገየ ሄደ።

ከለቅሶ ሲመለሱ እጃቸውን እየታጠቡ «ምን አለ?» አሉ።

«ፍሬኑን ሠርቼዋለሁ፣ አታስቡ ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይላል? ስለ ፍሬኑ ነው ያወራኝ።»

ፊታቸው በራ። ውሃውን ከእጃቸው ሳያራግፉ ወጥተው የመኪናዋን አፍንጫ መታ መታ አደረጉ። «አሮጊቷ ገና ናት!» አሉ። ለካ እሳቸውም ሊለዩዋት አልፈለጉም ኖሯል። ማክሰኞ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ስለ በርበሬ አወራሁ። ረቡዕ ሁለት ጊዜ ወደ መኪናዋ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ስንጥቁን አየሁት፤ ካላየሁት ያልፋል ይመስል ቀና አልኩ።

ሐሙስ ሄድን። ስንወጣ ባዶ ነን፤ ቢሆንም የሰማሁት ሲጢጥታ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። ኮንጋ ደረስን፣ ሰው ወረደ፣ መዘንን፣ ጫንን። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ዲላ የሚሄደው ሁሉ ጭነቱ ላይ መውጣት ጀመረ። ያኔ ጭነት ላይ ሰው መውጣት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም መከልከል ነው ነውሩ።

«ዛሬ ከብዷል፤ አውቶቡስ ብትጠብቁ?» አልኳቸው በቋንቋችን።

«ምነው፣ መኪና አላችሁና ኮራሽብን?» አለችኝ አንዷ የጭነቱን ጎን ሳንቃ፣ ስፖንዳውን፣ እየረገጠች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ወደ ጋቢናዬ ገባሁ።

አንዲት አራስነቷን ገና የጨረሰች ወጣት እናት ዲላ እህቷ ዘንድ ትሄድ ነበር። ልጇን በመስኮት አቀበለችኝና «እላይ ነፋስ አለ፣ ያዢልኝ» ብላ ወጣች። ይሄም ልማድ ነው፤ እናትየዋ ላይ፣ ሕፃኑ ጋቢና ያለችው ሴት ጭን ላይ። ሕፃኑ አልነቃም። አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። እንዴት እንደምይዘው ጠፋኝ። ወደ ግራ አደርገዋለሁ፣ ወደ ቀኝ አደርገዋለሁ።

«ምነው ተቁነጠነጥሽ?» አሉ የልጆቼ አባት።

«ምንም።»

ይርጋጨፌን አልፈን ወደ ወናጎ የሚወስደውን ቁልቁለት ስንይዝ ከኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የደረቅ ቅርንጫፍ መሰበር የመሰለ።

«የጎማው ሞላ፣ ባሌስትራው ነው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

«ያቁሙ።»

«እዚህ ቁልቁለት ላይ? ምን ሆነሽ?»

«በልጆችዎ፣ ያቁሙ!»

አቆሙ። ሕፃኑን እንዳቀፍኩ በአንድ እጄ ድንጋዬን ይዤ ወረድኩና ጎማው ሥር አደረግሁ። ከዚያ ቀና ብዬ «መካኒኩ ስለ ፍሬኑ ብቻ አይደለም የነገረኝ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ኮታቸውን ሳያወልቁ መኪናዋ ሥር ገቡ። ጫማቸው ብቻ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። ሲወጡ ጉልበታቸው ቀይ አፈር ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከሰኞ።»

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሕፃኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ይሄን አቅፈሽ?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወረደ። ጆንያዎቹን መንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት አጥር ውስጥ አስገባን። እሳቸው ባዶዋን በሰው እርምጃ እየነዱ ፊት ፊት ሄዱ፤ እኛ እስከ ወናጎ በእግር ተከተልን። ወጣቷ እናት አጠገቤ መጥታ «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«መኪናዋ መሰንጠቋን እያወቅሁ ነው ያሳፈርኳችሁ» አልኳት።

ልጇን ከእጄ ወሰደችና ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረች። እስከ ወናጎ ድረስ በዚያ ማዶ ነው የሄደችው።

አሮጌዋን ሸጧት፤ ለዕቃዋ። ለገዛው ሰው ስንጥቁን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሲያሳዩት በመስኮት አየሁ። ከጋቢናው ድንጋዬን አውጥተው በራፉ ላይ አስቀመጡልኝ። አዲሱ መኪና መጣ። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ድምፁ እንደ ስፌት መኪና። ሹፌርና አስተርጓሚ ተቀጠሩ። እኔ ቤት ቀረሁ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ባዶ ሊባል በሚችል ጆንያ ተመለሱ። ሁለተኛውም እንዲሁ። እሳቸው ለሹፌሩ «ሰው ቡናውን ለሌላ ነጋዴ እየሰጠ መሰለኝ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ጓዳና ሳሎን ስመላለስ ነበር፤ ሰኞም ሆነ ማክሰኞ ያው መመላለስ ነው።

«አልሰሙዎትም እኮ» አልኩ። «የሚጠብቁት የአሮጌዋን ሳል ነው። ይሄኛው አይሰማም።»

«ጥሩምባ ነፍተናል» አለ ሹፌሩ።

«ጥሩምባማ አውቶቡሱም ይነፋል።»

የልጆቼ አባት ቀና ብለው አዩኝ። «ይሄስ እንደ ፍሬኑ ነው?» አሉ። «ጋቢናውን ፈልገሽ እንዳይሆን።»

ጋቢናውንም ፈልጌዋለሁ፤ ያልኩትም እውነት ነው። አንዴ ግማሹን ከደበቁ በኋላ ሙሉውን ቢናገሩ ማን ያምናል። ጓዳ ገባሁ።

በሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝኩ። እነሱ የሚወጡት አርፍደው ነው። ኮንጋ ወረድኩና እንሰት ለእንሰት ከቤት ቤት ዞርኩ።

«መኪናችን ተለውጧል። ትልቅ ነው፣ አይጮህም። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መንገድ ወርዳችሁ ጠብቁ።»

«ውይ! እኛ ደግሞ ያቺ የምትስለዋ ገና አላለፈችም ብለን ተቀምጠን» አለች አንዷ። «ሞተች እንዴ?»

«ጡረታ ወጣች።»

መጨረሻ ላይ ወጣቷ እናት ቤት ሄድኩ። በርጩማ ሰጠችኝ፤ ፈገግ ግን አላለችም።

«ይሄኛውስ ተሰንጥቋል?» አለችኝ።

«አልተሰነጠቀም። ግቢ ቆሞ ሳለ ራሴ ሥሩ ገብቼ አይቼዋለሁ።» እውነቴን ነው። ቀሚሴ ላይ የግሪሱ ነጠብጣብ ነበረ፤ አሳየኋት። አየችው፣ ልጇን አዘለች፣ በሯን ዘጋች።

መኪናው ሲደርስ መንገዱ ዳር በሰውና በጆንያ ተሞልቷል። የልጆቼ አባት ወረዱ፤ ጆንያውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ በመጨረሻ ጆንያ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አዩኝ።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዙረት ነዋ።»

ሹፌሩ ሳቀ። እሳቸው ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንመዝን ዋልን፤ አስተርጓሚው ሲንተባተብ እኔ እገባለሁ፣ ማንም አልከለከለኝም። ጭነቱ ሲታሰር አስተርጓሚውን «አንተ ላይ ውጣ» አሉና የጋቢናውን በር ከፍተው ያዙት። ወደ እኔ ሳያዩ «ግቢ» አሉ።

ያን ሁሉ ሳምንት የጠበቅሁት ቃል ነው። ወጣቷ እናት ግን ዲላ ልትሄድ ስፖንዳው ሥር ቆማ ወደ ላይ ታያለች፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ለማንም አላቀበለችውም።

«አንቺ ግቢ» አልኳት። «ከነልጅሽ።»

ትንሽ አየችኝና ገባች። እኔ ስፖንዳውን ረገጥኩ። ሴቶቹ ክንዴን ይዘው እየሳቡ «ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽው?» እያሉ ይንጫጫሉ።

የልጆቼ አባት አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ትወድቂያለሽ!» አሉ።

«አልወድቅም! ይነዳ!»

ያን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ከጋቢና ግን የሚታየው ቅጠል ብቻ ነበር። እዚያ ረጅም ጭነት ላይ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያዎቹን አየኋቸው፤ ከእንሰቱ በላይ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ እያሉ፣ አንዳንዱ እየጨሰ። የእናቴ የቱ እንደሆነ ልለይ ብድግ አልኩ። ሴቶቹ ቀሚሴን ይዘው ቁጭ አደረጉኝ፤ እንደገና ብድግ አልኩ። ያ ነው ስል ሌላ ይመጣል፤ ያኛው ነው ስል ሌላ። መኪናው ታጠፈ፤ እኔ አንገቴን ወደ ኋላ እንዳዞርኩ ይርጋጨፌን አለፍን።