ግማሹን ያወራሁት ታሪክ

ልጅ ሳለሁ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ መስከረም ገብቶም ዝናቡ አላቆመም ነበር። አባቴ ከሸኖ በላይ ካለው አገራችን በጭነት መኪና አሳፍሮ አዲስ አበባ ያደረሰኝ በዚያ ዝናብ ነው። የእናቴ ወንድም ጋሼ በየነ ፒያሳ ይኖር ስለነበር፣ እሱ ጋ ሆኜ እንድማር ነበር የተላክሁት። አሥር ዓመቴ ነበር።

ጋሼ በየነ መኪና ሻጭ ነበር። ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ ሲወረድ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበረው፤ ከአራት ከአምስት የማይበልጡ ያገለገሉ መኪኖች ይቆሙበታል፣ መኖሪያ ቤቱም እዚያው ከጀርባ ነው። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። አቅም የሌለው የሰፈር ሰው ልጁን ሲድር ሙሽሮቹ የሚሄዱት በእሱ መኪና ነው። ሴት ምጥ ሲይዛትም በሩ የሚንኳኳው የእሱ ነው። ሚስቱ እትዬ አሰለፈች «እኛ መኪና እንሸጣለን ወይስ የሰፈሩ አምቡላንስ ነን?» እያለች ትቀልድበት ነበር፤ ቁልፉን ፈልጋ የምታቀብለው ግን እሷው ነበረች።

አንድ ልማድ ነበረው። ገዢ ሲመጣ፣ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት መኪናዋን እየዞረ ጉድለቷን ይነግረዋል። ይቺ ዳገት ላይ ትሞቃለች፣ የዚች የግራ በር ዝናብ ያስገባል፣ ይቺኛዋ ተጋጭታ ተቀጥቅጣለች ይላል። ሌሎቹ ደላሎች ይስቁበት ነበር። እሱ ግን ሰውየው ነገ መንገድ ላይ ከሚያውቀው ዛሬ ከእኔ ይስማ ባይ ነበር።

አመሻሽ ላይ፣ እራት እስኪደርስ፣ ካልተሸጡት መኪኖች አንዷ ውስጥ እንገባለን። እሱ መሪው ጋ፣ ትልቋ ልጁ ትርሲት ከጎኑ፣ እኔና ሁለቱ ታናናሾቿ ከኋላ እንቀመጣለን። ያኔ ግቢው ውስጥ መብራት ስላልነበረ የመኪናዋን የጣሪያ መብራት ያበራል፤ እሷ ከበራች ጨዋታ ተጀመረ ማለት ነው። ዘበኛው ከአትክልት ተራ በለቀመው የሣጥን እንጨት እሳት ያነዳል፤ ፍሙ በረጠበው መስታወት በኩል ሲታይ የተበተነ ይመስላል፤ ጭሱም አልዘጋ ባለው መስኮት እየገባ ከቤንዚኑና ከቆዳው ወንበር ሽታ ጋር ይቀላቀላል። እስከ ዛሬ ቤንዚን ሲሸተኝ አንድ ሰው ተረት ሊጀምር የሆነ ይመስለኛል።

የጅቡንም የቀበሮዋንም ይነግረን ነበር። እኛ የምንወደው ግን የኮሪያውን ነው። ስለ በረዶው፣ በብርድ ስለደነዘዘ ጣት፣ ከአንድ ቆርቆሮ አብረው ስለሚበሉት ስለ ባልንጀራው ስለ ምትኩ ያወራል። አንዱን ታሪክ በአንድ ማታ አይጨርሰውም። እራት ቀረበ ሲባል ካለበት ያቆምና መብራቷን ያጠፋል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ማታ፣ ተራራ ላይ ሳሉ ተኩስ እንደተከፈተባቸው፣ ምትኩም እግሩን ተመትቶ እንደወደቀ ነገረን። «እኔ ፈራሁ» አለ። «ስሜን እየጠራኝ ጥዬው ቁልቁል ሮጥኩ።» ድምፁን ዝቅም ከፍም አላደረገም። ለገዢ የመኪና ጉድለት በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። እትዬ አሰለፈች ተጣራች፤ መብራቷን አጠፋ።

ትምህርት ቤት ልጆቹ ባላገር ይሉኝ ነበር። አነጋገሬን እየቀዱ ይስቁብኛል። በማግስቱ ዝናብ ስለነበረ በዕረፍት ሰዓት ሁላችንም በረንዳ ላይ ተጠለልን፤ ያኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የኮሪያ ጦርነት ታሪክ አውቃለሁ አልኩ። ከበቡኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ የከበበኝ ሰው አልነበረም። ጋሼ የሮጠበት ላይ ስደርስ አሯሯጡን እየሮጥኩ አሳየኋቸው። ሳቁ። መሳቃቸው ደስ አለኝና እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ድገመው ሲሉኝ ደገምኩት። ከልጆቹ የአንዱ አባት ከፋለ የሚባል ደላላ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ጋሼ ለአንድ ሰውዬ የመኪና ጉድለት ሲነግር፣ እኔም ባልዲ ይዤ መስታወት ሳጥብ፣ ከፋለ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

«ጋሼ በየነ፣ የኋላ ማርሿን ዘለሉት እኮ» አለ። «እሱን እንኳ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ኮሪያ ድረስ ሄደው ነው የተማሩት።»

ከውጭ የቆሙት ደላሎች ሳቁ። ገዢው ነገሩ አልገባውም። ጋሼ ወደ ከፋለ አልዞረም፤ እኔን ነው ያየኝ። ከዚያ ለሰውየው «የኋላ ማርሿ ደህና ነው፤ ፍሬኗ ግን ይታይ» ብሎት ወደ ቀጣዩ ጉድለት አለፈ።

በዚያ ማታ እንደወትሮው ገባን። መብራቷን አበራ። እጁን መሪው ላይ አድርጎ «ዛሬ ደክሞኛል» አለና አጠፋት። ከዚያ ወዲያ አላበራትም። ትናንሾቹ ጥቂት ቀን ለምነውት ተዉት። ትርሲት ግን አውቃለች። «አባዬ ለእኛ የነገረንን ለእነሱ ሰጠሃቸው» አለችኝ።

ጋሼ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ራሱ ነድቶ አውቶቡስ ተራ አደረሰኝ፤ ወንበር ፈልጎ አስቀመጠኝና በመስኮቱ በኩል «ታሪኩ አላለቀም» አለኝ። «መስከረም ስትመለስ እጨርስልሃለሁ።»

አልተመለስኩም። ለአባቴ ትምህርት አልወድም አልኩት። እሱም የሚያግዘው ሰው ይፈልግ ስለነበር ለምን አላለኝም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ቀረሁ።

ገብስና ባቄላ እያረስኩ ኖርኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ። ከአፌ የወጣ ነገር ሰው እንደጎዳ ስላየሁ አፌን መዝጋት ጨዋነት መሰለኝ። ልጆቼ ከእኔ ትእዛዝ እንጂ ጨዋታ ሳይሰሙ አደጉ።

ጋሼ በየነ ሲሞት ለቀብሩ ሥላሴ መጣሁ። ሣጥኑ ሲወርድ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሽማግሌ በክራንች ሰው ገፍቶ መጣና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመ። «በየነ ወንድሜ» አለ፤ «ከተኩሱ መሃል ተመልሰህ በጀርባህ ያወረድከኝ እኔን፣ ዛሬ ቀባሪህ አደረግከኝ?» ምትኩ ነበር። እኔ ያላስጨረስኩትን ግማሽ የሰማሁት እዚያ ነው። ትርሲት አጠገቤ ቆማለች። በድዬዋለሁ ልላት ይገባ ነበር። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብያት አውቶቡሴ እንዳያመልጠኝ ሄድኩ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን፣ አዲስ አበባ የሚሠራው ልጄ አበራ ያገለገለች መኪና ገዝቶ ሊያሳየኝ መጣ። ፒያሳ ውሰደኝ አልኩት። ያ ግቢ የለም፤ ቤቶቹ ፈርሰው ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል። እያመሸ ነበር።

«እዚህ ጋ መኪና ይሸጥ ነበር» አልኩ።

«ማን ነበር የሚሸጠው?» አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር ጊዜ ሳቅ ብሎ «አባባ፣ ከእርስዎ አንድ ነገር ሙሉውን ሰምቼ ብሞት ምን አለ» አለ። ቀልዱን ነው። ግን አርባ ዓመቱ ነው፤ ስለ እኔ የሚያውቀው የበሬዎቼን ስም ያህል ነው።

«ዳር ይዘህ ሞተሩን አጥፋው» አልኩት። «የላይኛዋን መብራት ግን አብራት።»

ነገርኩት። ከጋሼ ሩጫ አልጀመርኩም፤ በረንዳው ላይ ከሳቅሁት ሳቅ ጀመርኩ። እስከ መቃብሩ ድረስ፣ የምትኩን ቃል ጨምሬ፣ ጨረስኩለት። አበራ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሰማኝ። ስጨርስ ድምፄ ሰልሎ ነበር፤ በአንድ ቀን ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ትርሲት ከዚያ ተነስታ ከከተማው ዳር ቤት እንደተሰጣት ከዘመድ ሰምቼ ነበር። ታሪኩን እሷ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ማውራቴንም ታውቃለች። የማታውቀው መሳቄን ነው።

«መብራቷን አጥፋና ንዳ» አልኩት። የትርሲትን ሰፈር ስም ነገርኩት፤ ሄድን።