ሰባተኛው የሳህን መስመር

ሰው ጫካ የሚገባው እንጨት ሊለቅም፣ ማር ሊቆርጥ፣ ቢበዛ ከሰው ሊደበቅ ነው። ሳህን ሊወረውር ጫካ የሚገባ ሰው ግን ከዚያ ከመቱው ካድሬ በፊት አላየሁም፤ ከሱም በኋላ አላየሁም።

ካድሬው የወጣቶችና የስፖርት ጉዳይ የተሰጠው ሰው ነበር። ለስድስት ወር ትምህርት ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች ወደ አንዱ ተልኮ ሲመለስ፣ ምን ይዞ መጣ ብለን ስንጠብቅ፣ ከሻንጣው አንድ ቀይ የፕላስቲክ ሳህን አወጣ። እዚያ አገር ተማሪዎች በዕረፍታቸው ቀን ጫካ እየገቡ ያን ሳህን ዛፍ ላይ ወደተንጠለጠለ ቅርጫት ሲወረውሩ አይቷል። ከአንዱ ቅርጫት ወደ ሌላው እየሄዱ ሁሉንም በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ጨዋታው ይኸው ነው። እሱ ግን በስብሰባ ላይ ሲያስረዳን ከጠላት የተማረከ የጦር ምስጢር አስመሰለው። ኳስ ሜዳ ይፈልጋል፣ ኢሉባቦር ውስጥ ያለው ደግሞ ጫካ ነው፣ ስለዚህ ለኛ ሰፊ ሕዝብ የሚስማማው ስፖርት የሳህን ውርወራ ነው አለ። አጨበጨብን። በደርግ ጊዜ ለማንኛውም ነገር ይጨበጨብ ነበር።

እኔ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ከሸዋ ተመድቤ መቱ ስገባ ዝናቡን ጠላሁት፣ ጭቃውን ጠላሁት፣ ሰዉን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ናቅሁት። ከሁሉ አብልጬ የናቅሁት ካድሬውን ነው። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ መጻፍ ሲፈልግ ግን ከሰው ይለምናል። «ተጨባጭ ሁኔታ» ሳይል ውሃ እንኳ አይጠጣም። በትምህርት ሁለት ክፍል እበልጠዋለሁ፣ በቁመትም እበልጠዋለሁ፤ ቆሞ ሲያናግረኝ ደግሞ ጎንበስ የማልለው ሆን ብዬ ነበር።

«ጓድ መምህር፣ ቦታውን የምትነድፈውም የምታሠራውም አንተ ነህ» አለኝ።

«እሺ ጓድ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

የተሰጠን ቦታ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ተዳፋት ነው፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥር ቡና፣ ግርጌው ላይ ጅረት። የገበሬው ማኅበር መንገድ የሚያሳየኝ አንድ ሽማግሌ መደበልኝ። ቀፎ ሠሪ ናቸው፤ እዚያው ጫካ ውስጥ ንብ ያንቡ ነበር። ከኔ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀው የገበያ ኦሮምኛ፣ «ስንት ነው» እና «ቀንስልኝ» ብቻ። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ አብረን ስንዞር የተነጋገርነው በእጅና በጣት ነው ማለት ይቻላል። «ባርሲሳ» ይሉኛል፣ አስተማሪ ማለት ነው፤ እኔ ምንም አልላቸውም ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት በፌዝ ነው። ሜትርና ገመድ ይዤ ጫካ ለጫካ ስሄድ በራሴ እስቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን አንድ የማላምነው ነገር መጣብኝ፤ ወደድኩት። ሳህን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር አይደለም። በቀኝ እጅ ሲወረወር መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ስለዚህ መስመሩንም ወደ ግራ ካላጠፍከው ተጫዋቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ቁልቁል ሲወረወር ይንሳፈፋል፣ ዳገት ላይ ይሞታል። አንዱ መስመር ሌላውን ካቋረጠ ደግሞ የአንዱ ሳህን የሌላውን ግንባር ይላል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ያን ቀይ ሳህን ከየዛፉ ሥር እየወረወርኩ፣ ሽማግሌው እያነሱ እየመለሱልኝ፣ ራሴ ደረስኩበት። ካድሬው ስንት ቅርጫት እንደሚያስፈልግ እንኳ አያውቅም ነበር። ዘጠኝ ይሁን አልኩ፤ ዘጠኝ ሆነ።

የማኅበሩ ሰዎች እሁድ እሁድ በዘመቻ እየወጡ ቁጥቋጦውን መነጠሩ። ቡናቸውን እንዳልነካባቸው በመካከሉ እየተጠማዘዝኩ ስድስት መስመር ጨረስኩ። ከተማ ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ ጉራጌ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ደግሞ ከበርሜል ቆርቆሮ ሃያ ሳህን ቆርጦ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ ሠራልን። ሲወረወሩ ያፏጫሉ። «ጋሼ፣ ይሄ ሰው አይቆርጥም?» ስለው፣ «እኔ የታዘዝኩት ሳህን ነው፤ ስለ ሰው ያዘዘኝ የለም» አለኝ። በዚያ ዓመት መቱ ውስጥ የሰማሁት ብቸኛው ብልህ ንግግር እሱ ነው ብዬ ስናገር ኖሬያለሁ።

ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን መጠማዘዝ አልፈለግሁም። ከተዳፋቱ አናት እስከ ጅረቱ ዳር ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ሳህኑ ከእጅ ወጥቶ እስኪያርፍ ድረስ ዓይን የሚከተለው አንድ መስመር አለ። የሌሎቹ ሁሉ ዋጋ በሱ ነው። በቀኙ ዛፍ፣ በግራው ዛፍ፣ መሃሉ ባዶ። ባዶ ነው ማለቴ፣ ትክክል መሃሉ ላይ ከቆመ አንድ ግዙፍ የቀረሮ ዛፍ በስተቀር። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ላዩ ላይ ስድስት ቀፎ ተሰቅሏል።

ካድሬው ሊያይ መጣ። ሽማግሌው ቀድመውን ሄደው መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉና፣ «ሙክኒ ኩን ካን አባ ኮቲ» አሉ። ዛፉ የአባቴ ነው ማለታቸው ነው፤ እሱን ለመረዳት የኔም ኦሮምኛ ይበቃል። በዚያ አገር ጫካው የማንም ቢሆን የንብ ዛፍ ባለቤት አለው። መጀመሪያ ቀፎ የሰቀለበት ሰው ለልጁ ያወርሰዋል፤ ሌላው ሰው ማር ሊቆርጥ ይቅርና በጥላው ሥር ቀፎ አያስቀምጥም። አዋጅ መጥቶ መሬቱን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርገው እንኳ የንብ ዛፍ ላይ እጁን ያነሳ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

ካድሬው አንገቱን ቀና አድርጎ ቀፎዎቹን አየ። ቆብ አውልቆ ራሱን አከከ።

«ጓድ መምህር፣ ይሄን ዛፍ እንለፈው» አለ። «ሰውዬው ይጎዳሉ። መስመሩን ትንሽ ወደ ጎን ብታደርገው ምን አለበት?»

ማር ልከውለት ይሆናል አልኩ በሆዴ። በዚያ ላይ ስለ መስመር ሊያስተምረኝ ነው።

«ጓድ» አልኩት፣ «ሰባተኛው ከተበላሸ ዘጠኙም ተበላሹ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዳ ጠማማ መስመር አይተው ምን ይላሉ? ለአንድ ግለሰብ ስድስት ቀፎ ሲባል የሰፊው ሕዝብ ስፖርት ይጣመም? እኔ ይህን ሪፖርት ላይ ልጽፈው አልችልም።»

የመለስኩለት በራሱ ቋንቋ ነው። ሪፖርት የምትለዋን ቃል ሲሰማ ዓይኑ ተቅበዘበዘ። ያቺን ፍርሃቱን ሳይ ምን ያህል እንደተደሰትኩ እስካሁን አስታውሳለሁ።

«እንግዲያው ይቆረጥ» አለ ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌውን ሳያይ።

ሽማግሌው ስንነጋገር አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያዩ ነበር። ሲጨርስ በመዳፌ የመጥረቢያ ምልክት አሳየኋቸው። በጣታቸው ሦስት ቀን ለመኑኝ፣ ቀፎዎቹን ለማውረድ። እኔ አንድ ጣት አሳየሁ። በዚያ ዕድሜያቸው በገመድ ወጥተው ስድስቱን ብቻቸውን ሲያወርዱ ዋሉ። ማሩ አልደረሰም ነበር፤ ንቦቹም ግማሾቹ ከቀፎው ወጥተው በአየር ላይ ሲተራመሱ ቀሩ።

ሁለት ጣውላ ሰንጣቂዎች አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶባቸው ጣሉት። ሲወድቅ ከእግሬ በታች ያለው መሬት ዘለለ። ከዚያ ያን ሁሉ ዘመን ፀሐይ ያላየ መሬት ላይ ብርሃን ፈሰሰ፣ መስመሬም ከአናት እስከ ግርጌ ጥርት ብሎ ታየኝ። ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን ደስ ነው ያለኝ።

ቅርጫቶቹን ማን ይሥራ ሲባል ደግሞ፣ ሌላ ማን አለ፣ እኒያው ሽማግሌ ታዘዙ። ቀፎ የመሰለ፣ አፉ ግን ሳህን የሚያስገባ ሰፊ፣ በደረት ቁመት በአግድም የሚሰቀል ብዬ በአፈር ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። በመጋቢት ዘጠኙንም አመጡ። ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ግን ጭስ ጭስ፣ ቅጠል ቅጠል ይሸታሉ፤ ውስጣቸውም የሆነ ነገር ተቀብቷል። ንብ እንዲለምደው አዲስ ቀፎ እንዲህ በጭስ ይታጠናል፣ ይቀባልም። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልታጠነ ቀፎ ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ የሳህን ማስቀመጫ ነው ቢባሉም እጃቸው እምቢ ብሏል። ሳቅሁባቸው። «ለሳህንም ጭስ!» እያልኩ ለመምህራኑ ሁሉ አወራሁ።

ካድሬው በበኩሉ እንግዳው እስኪመርቋቸው ድረስ የየቅርጫቱ አፍ በቀይ ጨርቅ ይሸፈን አለ። ተሸፈነ። እንግዲህ በጭስ የታጠነ፣ የተቀባ፣ ውስጡ የጨለመ ቀፎ፣ ቤት አልባ ከሆኑ ንቦች አጠገብ ሰቅለን ወር ያህል ጠበቅን። ከተማው ሁሉ ንብ አርቢ ነው፤ ይህን ያሰበ አንድ ሰው የለም።

ከምርቃቱ ሁለት ቀን በፊት መስመሮቹን ልጎበኝ ስሄድ፣ በሰባተኛው ቅርጫት ጨርቅ እጥፋት ላይ ንብ ስትገባና ስትወጣ አየሁ። ጆሮዬን ጠጋ አደረግሁ፤ ውስጡ ይተማል። ለካድሬው ልነግረው መንገድ ጀመርኩና ቆምኩ። ጨርቁን የሚገልጠው እሱ ነው። ዝም አልኩ።

የምርቃቱ ቀን ሰልፈኛ መጣ፣ ከበሮ መጣ፣ እንግዳውም ከነጃንጥላ ያዣቸው መጡ። ካድሬው ሦስት እስክሪብቶውን ሰክቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ከሁሉ የሚያምረው ሰባተኛው ስለሆነ እንግዳው እዚያ እንዲጀምሩ አድርጌያለሁ። እሳቸው ከአናት ቆርቆሮ ሳህን ይዘው ቆሙ፤ ካድሬው ከታች ሄዶ ጨርቁን ሳብ አደረገው።

የሆነውን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። እንግዳው እግሬ አውጪኝ አሉ፤ ጃንጥላ ያዡ ቀደማቸው። ሰልፉ በቡናው ውስጥ ተበተነ፣ ከበሮው ተንከባሎ ጅረት ገባ። ካድሬው ግን ከቅርጫቱ ሥር ነበር። ጭስ ይዘው እየሮጡ ሄደው የጎተቱት እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ሲጠፋ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሳህን ያነሳ ሰው የለም። ካድሬው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ መስመሮቹን በሁለት ክረምት ቁጥቋጦ በላቸው። እኔ ግን ታሪኩን ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ይዤው ዞርኩ። ካድሬው ጨርቁን ሲስብ፣ ካድሬው ሲጮኽ፣ ካድሬው ዓይኑ ጠፍቶ «ተጨባጭ ሁኔታ» ሲል። ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስለ ቀረሮው አንድም ቀን አላወራሁም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ሁሩሙ ላይ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ሦስት ጭብጥ የምታህል ማር በኮባ ቅጠል ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ድሮ በትልቅ ሸክላ ነበር የሚያወጡት። ሰላም አልኳቸውና፣ ሌላ ወሬ ስላጣሁ፣ ፊቴን በእጄ እያሳበጥኩ ካድሬውን አስመሰልኩ። አብረን እንስቅበታለን ብዬ ነው።

አልሳቁም።

«እሱን ተወው፣ መምህር» አሉኝ። በአማርኛ ነው፣ ከኔ በማያንስ ጥርት ያለ አማርኛ። «እሱ ዛፉን እንለፈው አለ። ይጎዳሉ አለ። ቁረጡት ያልከው አንተ ነህ።»

እጄን ከፊቴ አወረድኩ። «አማርኛ… ይችላሉ እንዴ?» አልኩ።

«ሐረር ሰባት ዓመት ወታደር ነበርኩ። አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን?» አሉ። «የሚናገርልኝ አንድ ሰው ነበር። እሱን ዝም አሰኘኸው።»

አንዲት ሴት ከኋላዬ ቆማ የማሩን ዋጋ ጠየቀች። ሽማግሌው በኔ ትከሻ ላይ አሻግረው እያዩ በኦሮምኛ መለሱላት፤ እሷ እንድትቀርብ ብለው በእጃቸው ገለል አደረጉኝ።