ጓደኛህስ የት ሄደ?

አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጥ ሃያ ዓመት ቢሞላውም፣ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥኑ ነው። ድሮ አንድ የድራማ አዘጋጅ ተሳፍሮ፣ ከተሳፋሪው ጋር ሲቀላለድ ሰማውና «ይህን አፍህን ይዘህ እኛ ጋ ና» አለው። እንደ ዋዛ በእረፍት ቀኑ እየሄደ የጀመረው ነገር ሰባት ዓመት ቆየ። እሱ ለፍላፊ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ደግሞ ኮስታራ ጎረቤቱ ሆነው፣ በየሳምንቱ እየተጣሉና እየታረቁ ተመልካቹን በሳቅ ይገድሉት ነበር።

ድራማው አለቀ፤ የሰው ጥያቄ ግን አላለቀም።

«ጋሼ፣ ጓደኛህስ የት ሄደ?»

«አለ፣ ምን ይሆናል! ትናንት አብረን ነበርን» ይላል፣ ቲኬቱን እየቀደደ።

ውሸቱን ነው። መምህሩን ካየው ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ቤቱንም አያውቀው። ካሜራ ፊት «አንተ ደረቅ!» እየተባባሉ ይተቃቀፋሉ፤ ካሜራው ሲጠፋ መምህሩ ኮቱን አራግፎ «ደህና ይዋሉ» ብሎ ውልቅ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንቱ እንደተባባሉ ተለያዩ። አንድ ክፍል ላይ ልብስ ሰፊው ይታመምና ጎረቤቱ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ያብስለታል። ቲኬት ቆራጩ ያቺን ክፍል ባስታወሰ ቁጥር ሆዱ ይባባል።

«አንተ ሰውዬ፣ በድርሰት ልትሞት ነው እንዴ?» ትለዋለች ሚስቱ። «ሰውየው ሥራውን ሠራ፣ ሄደ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» ይላል። አንጀቱ ግን አልቆርጥ አለው።

በመጨረሻ፣ ሜካፕ ትቀባቸው ከነበረችው ሴትዮ አድራሻ ለምኖ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ጸጉሩን ተስተካክሎ ሄደ። መምህሩ ራሱ በሩን ከፈተ። ከስቷል።

«እርስዎ ነዎት? ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። እንዲሁ ልጠይቅዎት ብዬ…»

ሻይ ቀረበ። ያ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያስቅ አፍ «ሻዩ ይጣፍጣል» ከማለት አላለፈም። ጭንቅ ሲለው ዘረገፈው፤ «መምህር፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጓደኛዬ ነው ብለውኝ ያውቃሉ?»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አልዋሽዎትም፤ ሥራ ነበር። እኔ ሰው መልመድ አልችልበትም። ባለቤቴ ስታርፍ እንኳ ያለቀስኩት በር ዘግቼ ነው።» ሳል አቋረጠው። ሲያበቃ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «እሁድ እሁድ ግን ቤት ነኝ» አለ።

በሚቀጥለው እሁድ ሄደ። ከዚያም በኋላ አልቀረም። ብዙም አያወሩ። መምህሩ እርሳሱን እየነከሰ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የቁጥር እንቆቅልሽ ይፈታል፤ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። አንድ ቀን መምህሩ ቀና ሳይል፣ «ዛሬ ምነው ጨርሶ ዝም አሉ? አመመዎት እንዴ?» ሲለው፣ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

በስድስተኛው እሁድ ደጅ ላይ ሻንጣ አገኘ። የመምህሩ ልጅ ሩቅ ከምትኖርበት ከተማ መጥታ ነበር።

«ሳሉ ጠናበት፤ ብቻውን አልተወውም፣ ወደ እኔ ልወስደው ነው» አለችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለእርስዎ ሳልናገር።»

«ኧረ ምን ገዶኝ፣ ልጄ! ዋናው ጤናው ነው» አለ፤ ሻንጣውንም ተሸክሞ መኪናው ድረስ አደረሰላቸው።

አሁን በስልክ ይገናኛሉ። መምህሩ ስልክ አይወድም፤ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» ብሎ ቶሎ ይዘጋል።

ሰሞኑን ድራማው በድጋሚ መታየት ጀምሯል። «ና እንጂ፣ ጀመረ እኮ!» ትለዋለች ሚስቱ ከሳሎን። የልጅ ልጆቹ ይንጫጫሉ። እሱ ወንበሩን ይዞ ወደ ግቢው ይወጣል። እዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚጮኸውና የሚያቅፈው ሰውዬ አይናፍቀውም። የናፈቀው እርሳስ እየነከሰ፣ ለረጅም ሰዓት አንዲት ቃል የማይተነፍሰው ነው።