የተቆጣው ኩላሊት

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፣ እንዲህ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው የገጠመኝ። ልጄ ካሱ ፊቱ እያበጠ ቢያስቸግረው፣ ሰቆጣ ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ።

ሐኪሙ፣ «እማማ፣ ኩላሊቱ ተቆጥቷል» አለኝ። «ሰውነታችን የሚያመነጨው የእድገት ንጥረ ነገር ይህን ቁጣ ያበርዳል፤ መድኃኒት ሊያደርጉት ግን ተመራማሪዎች ገና እያጠኑት ነው። ለጊዜው ክኒኑን ይውሰድ፣ ይረፍ።»

እኔ የሰማሁት ቁጣና እድገት ብቻ! ካሱ መሥሪያ ቤቱ እድገት ከከለከለው ወዲህ ተኮሳትሮ የለ? በማግስቱ አለቃው ዘንድ ገባሁ።

«የኔ ጌታ፣ ለልጄ እድገቱን ስጥልኝ። ኩላሊቱ ተቆጥቶብኛል፤ የሚያበርደው እድገት ነው ብሏል ሐኪሙ።»

ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

«ካሱ ታሟል እንዴ? ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰም እኮ!» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አዞረልኝ። «እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«የት ተምሬ!»

«የካሱ ማሰናበቻ ነው። ከሥራ እየቀረ ቢያስቸግረኝ፣ አሁን ልፈርምበት ነበር።»

ክው አልኩ። እሱም ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው።

ካሱ የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶት፣ ክኒኑን እየዋጠ እብጠቱ ቀነሰለት። ዛሬም ሐኪሙ ጋ ይመላለሳል። እድገቱን? እሱንማ ያገኘው አለቃው ነው፤ ዛሬ ሠራተኛ ሲቀርበት፣ ከመፈረሙ በፊት «ታመሃል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።